ለሚኒስትሩ የቀረበው ጥያቄ

«አክስትሽ እናቴን በቴሌቪዥን አዋረደቻት» አለች ኦዴቴ።

ዜሊያ በእረፍት ሰዓት የገዛችውን የተጠበሰ ሙዝ ገና መጉረሷ ነበር። ትኩስ ስለሆነባት አፏን ከፍታ እፍ እፍ እያለች «ምን?» አለቻት። ቀልድ መስሏታል። ኦዴቴ ስትቀልድ ግን የአፏ ጥግ ቀድሞ ይስቃል። አሁን ከንፈሮቿ ግጥም ብለዋል።

«ምን አትበይኝ! አይተሻል። አገር ምድሩ አይቷል።»

እውነት ነው፣ አይታለች። ሰኞ ምሽት የምክር ቤቱ ጉባኤ ሲተላለፍ ጎረቤቱ ሁሉ እሷና አክስቷ የሚኖሩበትን ቤት ሳሎን ሞልቶ ነበር። የምክር ቤት አባል የሆነችው አክስቷ ሚካኤላ ተነስታ የጤና ሚኒስትሩን ስትጠይቅ፣ «ይህን የገዛ እህቴ ልጅ በዓይኗ አይታዋለች» ስትል፣ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ዞሮ ዜሊያን አያት። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ጉንጯን ቆንጠጥ አደረጓት። ዜሊያ ከደስታዋ ብዛት ከዚያ በኋላ የተባለውን ሰማች ማለት አይቻልም።

«ስለ ጀልባው ሞተር እኮ ነው የተናገረችው» አለች ዜሊያ። «ስለ እናትሽ ምንም አላለችም።»

ኦዴቴ ስልኳን አውጥታ አፍንጫዋ ስር ደገነችባት። የአክስቷ ድምፅ ከትንሿ ስልክ ውስጥ እየተሰነጣጠቀ ወጣ፦ «ክሊኒኩ ተቆልፎ፣ አዋላጇ የት እንደጠፋች ሳይታወቅ፣ አንዲት እናት በባሕር መሃል፣ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ወለደች! ክቡር ሚኒስትር፣ ይህን እንዴት ያዩታል?»

«በኛ ደሴት ስንት አዋላጅ ነው ያለው?» አለች ኦዴቴ።

መልሱን ዜሊያም ታውቀዋለች። ሁለቱም ለትምህርት ወደ ዋና ከተማው ወደ ዲሊ መጡ እንጂ ከአንድ መንደር ናቸው። የዜሊያን እናት ያዋለዱት የኦዴቴ እናት እትዬ ጁሊታ ናቸው። ሌላ አዋላጅ ኖሮም አያውቅም።

«ከሥራ አግደዋታል። ዛሬ ጠዋት በጀልባ መጣች። ነገ ረፋድ ላይ ሚኒስቴር ቀርበሽ መልስ ስጪ ተብላለች።» ኦዴቴ ስልኩን ከዜሊያ አፍንጫ ስር አነሳች። «አንቺ ነሽ እንደዚህ ብለሽ የነገርሻት?»

«እኔ እንደዚህ አላልኩም።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

ምን ብላ ነበር? እራት ላይ ነው የነገረቻት፣ ያውም በወሬ መሃል። በፋሲካ እረፍት የአጎቷ ሚስት አናስታሲያ ምጥ ያዛት። ወደ ክሊኒኩ ሲወስዷት ተዘግቶ አገኙት። እትዬ ጁሊታ ተራራው ላይ ላሉት ሕፃናት ክትባት ሊሰጡ ወጥተው ነበር። አጎቷ በሞተር ብስክሌት ሄዶ አመጣቸው፤ ጭቃ በጭቃ ሆነው ደረሱ። አይተዋት «ይቺ ልጅ ዲሊ መድረስ አለባት፣ አሁኑኑ» አሉ። የክሊኒኩ ጀልባ ግን ሞተሩ ተበላሽቶ ከገና በፊት ጀምሮ አሸዋ ላይ ተጋድሟል፤ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል። ስለዚህ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ሄዱ። ዜሊያም አብራ ሄደች፣ ውኃውን በቆርቆሮ እየቀዳች ለመድፋት። መሃል ባሕር ላይ ነፋሱ ተነሳ። እትዬ ጁሊታ በጀልባዋ ወለል ላይ ተንበርክከው፣ ማዕበሉ ጀርባቸውን እየገረፋቸው፣ ሕፃኑን ተቀበሉት። ሸሚዛቸውን አውልቀው ጠቀለሉት። ቀሪውን መንገድ አናስታሲያን ደም እንዳይፈሳት ሆዷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንዴም ሳይለቁ፣ ዲሊ ገቡ።

ይህን ሁሉ ነግራታለች። ወይስ አልነገረቻትም? አክስቷ መሃል ላይ ስልክ ተደውሎላት ነበር።

«ዛሬ እነግራታለሁ» አለች ዜሊያ። «ታስተካክለዋለች። አክስቴ እንደዛ አይደለችም።»

«እንግዲህ እናያለን» አለችና ኦዴቴ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ከዚያ ቀን በፊት አንድም ጊዜ ብቻዋን ወደ ክፍል ገብታ አታውቅም።

*

አክስት ሚካኤላ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆማ የበቆሎና የዱባ ሾርባ ትበላ ነበር። ጉባኤ ሲደርስ መቀመጥ አይሆንላትም። በአንድ እጇ ማንኪያ፣ በሌላው ስልክ፤ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ፣ ሌላው ሶፋው ስር።

«ቲያ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ዜሊያ፤ አክስቷን የምትጠራት እንደዚያ ነው።

«ንገሪኝ፣ ንገሪኝ። ነገ ሰማያዊውን ቀሚስ ነው የምትለብሺው። ከትምህርት ቤት አስፈቅጄሻለሁ።»

«የት ልንሄድ?»

«ምክር ቤት ነዋ! ሚኒስትሩ ለሰኞው ጥያቄ መልስ ይዘው ይመጣሉ። ምስክር አለሽ ወይ ቢሉኝ ምን ልበል? ከላይ፣ ከእንግዶቹ ጋር ትቀመጫለሽ፤ እኔ በጣቴ ጠቆም አደርግሻለሁ፣ አለቀ።»

ዜሊያ ወደ ማቀዝቀዣው ጠጋ አለች። «እትዬ ጁሊታ ታግደዋል» አለች።

ማንኪያው ቆመ። «ማን?»

«የኦዴቴ እናት። አዋላጇ። ጠፉ ስላልሽ። እሳቸው እኮ አልጠፉም፣ ቲያ። ጀልባዋ ላይ ነበሩ። ሕፃኑን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።»

«ክሊኒኩ ተዘግቶ ነበር አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ። ግን ክትባት ላይ ስለነበሩ ነው። ተጠርተው መጡ።»

አክስቷ ሳህኑን አስቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ አሸት አሸት አደረገች። ለአፍታ ያህል ዜሊያ ነገሩ የተስተካከለ መሰላት።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለች አክስቷ። «ስለዚያ ሞተር በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ ‹እየተጠና ነው› አሉኝ። በቃል ጠየቅኩ፤ ‹በሂደት ላይ ነው› አሉኝ። ስናገር ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ስልኩን ይነካካል። ሰኞ ዕለት ግን ‹እናት በባሕር መሃል ወለደች› ስል አዳራሹ ጸጥ አለ። ሞተር ማንንም አያስለቅስም፤ እናት ታስለቅሳለች። ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጡኝ፤ ካለፈ ማይክራፎኑን ጥርቅም ነው የሚያደርጉት። ክትባቱን፣ ተራራውን፣ ጭቃውን መቼ ተርኬ እጨርሰዋለሁ?»

«‹ጠፋች› ማለት ግን…»

«ሞተሩ ይምጣ፣ ከዚያ እኔ ራሴ ለጁሊታ እደውላለሁ። ሥራዋን አታጣም፤ አላስነካትም። እመኚኝ።» ስልኩ ጮኸ። «አቤት ክቡር!» ብላ በአንድ እግሯ ጫማ ወደ በረንዳው ወጣች።

ዜሊያ እዚያው ቆመች። ይቺ ሴት፣ ባለፈው ዓመት ዜሊያን የወባ ትኩሳት ሲጥላት፣ አልጋ ጠፍቶ ሆስፒታሉ ወለል ላይ ካርቶን አንጥፋ አብራት የተኛች ናት። «የምክር ቤት አባል ነዎት፣ ቢሮ ገብተው ይረፉ» ሲሏት «እዚህ ካልተኛሁ ምኑን አይቼ ልጠይቅ ነው?» ብላ ዶክተሩን አስቃዋለች። እንዲህ ያለችን ሰው ውሸታም ማለት እንዴት ይቻላል? ዜሊያ ሰማያዊውን ቀሚስ አወጣች፣ መልሳ ሰቀለችው፣ እንደገና አወጣችው። በመጨረሻ ተኮሰችው።

*

የእንግዶች መቀመጫ አዳራሹን ቁልቁል ያያል። ዜሊያ ከአንዲት ባለ ሻሽ አሮጊትና ከተማሪዎች ጋር ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። ጉልበቷ በራሱ ፈቃድ ይዘላል። ጥበቃው መጥቶ «እግርሽን አሳርፊ እንጂ፣ ወንበሩ ሁሉ ተናወጠ» አላት። አሳረፈችው። ወዲያው ሌላኛው ጀመረ።

ከታች ሚኒስትሩ ከረዳቶቻቸው መሃል ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ከእያንዳንዱ መልስ በፊት ውኃ ፉት የሚሉ ሰው ናቸው። ዜሊያ ክፉ ሰው ትጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን የክፉ ሰው መልክ አልነበራቸውም። አንድ አባል ትንኝ ማጥፊያ ርጭቱ ለምን ዘገየ ብለው ጮኹባቸው፤ ሳይቆጡ መለሱ። አንዷ ደግሞ ስለ ሆስፒታል አልጋ ጠየቀቻቸው፤ «እውነትዎን ነው፣ አይበቃም፤ እኔም እናቴን ኮሪደር ላይ አስታምሜያለሁ» አሉ። ዜሊያ ግራ ገባት። ማንን መጥላት እንዳለባት ቢነግሯት ይቀላት ነበር።

«የተከበሩ ሚካኤላ» አሉ ሰብሳቢው።

አክስቷ ተነሳች። ከላይ ስትታይ አጭር ናት፤ ድምፅዋ ግን ረጅም ነው። «ክቡር ሚኒስትር፣ ሰኞ የጠየቅኩዎት ስለ ደሴቲቱ ጀልባ ነበር። ሞተሩ መቼ ነው የሚመጣው? ቀኑን ይንገሩኝ።»

ሚኒስትሩ ውኃ ፉት አሉ። በፖርቱጋልኛ ጀምረው ነበር፤ ነገሩ ሲጠነክር ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ተሻገሩ። «ክብርት ሆይ፣ የነገሩን ታሪክ ልቤን ነክቶታል። ያጣራሁትም በዚያው ታሪክ መሠረት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ራስዎ እንዳሉት፣ ያን ቀን የጎደለው አዋላጇ ናት እንጂ ሞተር አይደለም። ክሊኒኩ ክፍት ቢሆን፣ ባለሙያዋ በቦታዋ ብትገኝ፣ እናቲቱ ለምን ባሕር ትገባለች?»

አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ። አክስቷ ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ አለች። «እየተናገርኩ ያለሁት ስለ ሞተሩ ነው!»

«እኔም ስለ እርስዎ ምስክር ነው የምናገረው። ምስክርዎ በዓይኗ አይታለች ብለውናል። ወይስ አላየችም?»

«አይታለች! ይኸው፣ እዚያ ተቀምጣለች!»

ጣቷ ወደ ላይ ተዘረጋ። ፊቶች ሁሉ ቀና አሉ። ካሜራው ዞረ። አጠገቧ ያሉት አሮጊት ክርናቸውን ጎኗ ላይ አሳርፈው «ተነሽ እንጂ ልጄ፣ ይዩሽ» አሏት።

ዜሊያ አልተነሳችም። እጆቿን ከጭኖቿ ስር አስገብታ በላያቸው ተቀመጠችባቸው። አንገቷን ደፍታ የአዳራሹ ምንጣፍ ላይ አፈጠጠች። ከታች የሚያያት ሰው ዓይን አፋር ልጅ ናት ብሎ ያልፍ ይሆናል።

«ልጅቷን አመሰግናለሁ» አሉ ሚኒስትሩ፣ ከልባቸው በሚመስል ድምፅ። «በእሷ ምስክርነት ላይ ተመሥርተን አዋላጇን አግደናል። ስህተቱ የመሣሪያ ሳይሆን የሰው ስለነበር፣ የሞተሩ ግዢ ለሚቀጥለው በጀት ቢተላለፍ ጉዳት የለውም። በእኔ በኩል መልሱ ይኸው ነው።»

ከመንግሥት ወገን ጭብጨባ ተነሳ። አክስቷ ቆማ ቀረች። አፏ ተከፍቷል፤ ማይክራፎኑ ግን ጠፍቷል።

ዜሊያ ያኔ ነው የገባት። እትዬ ጁሊታ እዚያ ነበሩ ቢባል ኖሮ ሚኒስትሩ መውጫ አልነበራቸውም። ባለሙያዋ አለች፣ ሙያው አለ፣ የጎደለው ሞተር ብቻ ነው፤ ምን ይሉ ነበር? ያቺ አንዲት ቃል፣ «ጠፋች» የምትለዋ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው። በሩን የከፈተችው ደግሞ የገዛ አክስቷ ናት።

ሰብሳቢው የሻይ እረፍት ብለው መዶሻቸውን መቱ።

*

አክስቷ ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። ሰዎች እየዞሩ ስላዩአቸው እጇን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

«መነሳት እንኳን አቃተሽ? አንዴ ብድግ ብትዪ ምን ነበረበት? እንደ ሌባ አንገትሽን ስትደፊ…»

«ብነሳ እትዬ ጁሊታ ጠፍተው ነበር ማለት ነው።»

«ዜሊያ…»

«ቲያ፣ ሰውዬው እኮ አመለጡሽ!» ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ፤ ሻይ የያዘ ሰውዬ ዞር ብሎ አየ። ዝቅ አደረገችው። «አንቺው በነገርሻቸው ነው ያመለጡት። አዋላጇ ነበረች፣ ማዕበል ጀርባዋን እየገረፋት አዋለደች ብትያቸው ምን ይመልሱ ነበር? በክሊኒኩ ጀልባ ቢሆን ነፋሱ ሳይነሳ ዲሊ በገባን ነበር። እሱን ለምን አልነገርሻቸውም?»

አክስቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በመስኮቱ በኩል ባሕሩ ይታያል፤ ከወዲያ ማዶ ደሴቲቱ ደብዘዝ ብላ ተቀምጣለች።

«አሁን ተነስቼ ‹የተናገርኩት ልክ አልነበረም› ብል ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ?» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ የምክር ቤት ድምፅ አልነበረም። «እስከ ምርጫ ድረስ ይስቁብኛል። ‹ውሸታሟ ሚካኤላ› ነው የምባለው። ከዚያ በኋላ እውነት ብናገር ማን ሊሰማኝ?»

ምናልባት አክስቷ ትክክል ናት። ምናልባት በእውነት ይስቁባት ይሆናል። ሲስቁባት መስማት ደግሞ ሊያማት ነው።

«አላውቅም» አለች። «እኔ ግን ተመልሼ እዚያ ላይ አልቀመጥም።»

«ወዴት ልትሄጂ?»

«ሚኒስቴር። እትዬ ጁሊታ አሁን ሊጠየቁ ነው።»

አክስቷ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ራሷ መለሰችው። የስብሰባ ደወል ጮኸ። ሰዎች ሻያቸውን እያስቀመጡ መግባት ጀመሩ።

«የመሳፈሪያ ሳንቲም አለሽ?» አለች አክስቷ።

«አለኝ።»

አክስቷ ወደ አዳራሹ ተመለሰች፤ ዜሊያ ወደ መውጫው።

*

ሚክሮሌቷ፣ የከተማዋ ትንሽ ሚኒባስ፣ ጢም ብላ ሞልታለች። ዜሊያ በአንድ ከረጢት ጎመንና በአንድ ወፍራም ሰውዬ መሃል ተወሽቃለች። ሾፌሩ ሙዚቃውን አጥፍቶ ሬዲዮውን ከፈተና «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ፣ ጉባኤው እንደገና ተጀመረ» አለ። «ሰኞ ምርጥ ኮሜዲ ነበር፣ ዛሬም አያምልጠን» ብሎ አጠገቡ የተቀመጠውን ጠቀሰው።

«የተከበሩ ሚካኤላ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ ብለዋል» አለ ሬዲዮው።

ዜሊያ ከጎመኑ ከረጢት በላይ አንገቷን ወደ ሬዲዮው አሰገገች።

«ክቡር ሰብሳቢ» አለ የአክስቷ ድምፅ። ከወትሮው ቀስ ብሏል። «ወደ ጥያቄዬ ከመመለሴ በፊት፣ ሰኞ ዕለት ከተናገርኩት ውስጥ የማርመው አለኝ…»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፣ ሌላው ጮኸ፣ ሰብሳቢው መዶሻውን ደበደቡ። «ኧረ ባካችሁ!» አለ ሾፌሩ፣ «ይቺ ደግሞ ዛሬ ምን ነካት?»

የሚኒስቴሩ አጥር በመስኮት በኩል ብቅ አለ። ዜሊያ መኪናዋ እንድትቆምላት ሳንቲሟን በመያዣው ብረት ላይ አንኳኳች።

ሾፌሩ ዞሮ «ትንሽ ብትቆዪ ትሰሚው ነበር፣ ገና ሊጥም ነው እኮ!» አላት።

እግሯ መቆየት ፈልጎ ነበር። ቀሪውን መስማት፣ አክስቷ እስከ መጨረሻው ትዘልቀው እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። ግን የአክስቷ ነገር የአክስቷ ነው። ከመኪናዋ ወረደች። ሚክሮሌቷ ሳቁንና ጫጫታውን ይዛ ወደ ገበያው ታጠፈች።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከተዘጋ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አለ። እትዬ ጁሊታ ቦርሳቸውን እቅፋቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ኦዴቴ አለች። ዜሊያን ስታይ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንስታ ቦታ ለቀቀችላት። እትዬ ጁሊታ «አናስታሲያ ደህና ናት? ጡቷ ወተት ሞላ?» ብለው ጠየቋት፣ መንገድ ላይ እንደተገናኙ ሁሉ።

«ደህና ናት። ሕፃኑም ወፍሯል» አለች ዜሊያ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ ጁሊታ፣ እኔ…»

በሩ ተከፈተ። አንዲት ባለ ማኅደር ሴት ብቅ ብላ ስም ጠራች። እትዬ ጁሊታ ተነሱ። ዜሊያም ተነሳች።

«የተጠሩት እሳቸው ናቸው» አለች ሴትዮዋ። «አንቺ ምናቸው ነሽ? ልጃቸው?»

«አይደለሁም» አለች ዜሊያ። «ሲያዋልዱ ጀልባዋ ላይ ነበርኩ።»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ወደ ውስጥም ዞር ብላ አየች። ከዚያ በሩን ትንሽ ሰፋ አድርጋ ያዘችው።